በቅሎ አዋቂው አማቴና ቀይዋ ሞተር

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። የአርባ ሦስት ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር፣ ቀይ ሞተር ቢያምረው ነውር ነው? ነውር ነው የምትሉ ካላችሁ ከባለቤቴ ከትርንጎ ጋር ተወያዩ፤ ትስማማላችሁ። እኔን ግን ተዉኝ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የማስተምረው ደግሞ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ሚኒባሱ ሰው ይጠብቃል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ እኔን ይጠብቃሉ። ሦስታችንም እንዲህ ስንጠባበቅ ዓመቱ አለቀ። ሰኔ ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው አስጠሩኝና፣ "መምህር፣ መስከረምም በዚሁ ከቀጠልክ ወረዳ ነው የምንገናኘው" አሉኝ። እኔም ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደድኩ፣ "ሥራዬ ሊሄድ ነው፤ ሞተር ካልገዛሁ አለቀልኝ" ስል ከረምኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ርዕሰ መምህሩ ሰበብ ናቸው። ሞተር የሚያምረኝ ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ከማግባቴ በፊት ነው፤ እስከ ዛሬ የነዳሁት ግን የሰው ሞተር ነው፣ እሱንም ባለቤቱ ከኋላዬ እየሮጠ። ቀይዋን ደግሞ በዓይኔ ካወቅኋት ከርሜአለሁ። ከቤታችን በታች የሚኖር አንድ የባንክ ሠራተኛ ጎረምሳ ነው ባለቤቷ። ጠዋት ሲያስነሳት ሰፈሩ ይነቃል፤ እኔ ግን ቀድሜ ነቅቼ መስኮት ላይ ነኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ "ይሸጣል" የሚል ወረቀት ለጠፈባት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ለትርንጎ ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸችም።

"ግዛ" አለች። "ግን አባባ ሳያዩልህ አንዲት ሳንቲም አትከፍልም።"

አባባ የምትላቸው አባቷ፣ የእኔ አማት፣ አያ ስሜነህ ናቸው። ሮብ ገበያ አጠገብ ነው የሚኖሩት። በዚያ አካባቢ በቅሎ የሚገዛ ሰው እሳቸውን ሳይዝ ገበያ አይወርድም ነበር። ጥርሷን ያያሉ፣ ሰኮናዋን ያነሳሉ፣ ደረቷን ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ወይ "ውሰዳት" ይላሉ ወይ "እለፋት" ይላሉ። "እለፋት" ያሏትን በቅሎ የገዛ ሰው ተጸጽቶ ተመልሷል ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ ትርንጎ ናት የምትለው።

"አባባ እኮ ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም!" አልኩ።

"ሰው ትሸከማለች? ዳገት ትወጣለች? መንገድ ላይ ትገተራለች? እንግዲህ ከበቅሎ በምን ትለያለች?" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ወይዘሮ ከሞተች ወዲህ ከደጅ ወጥተው አያውቁም። ሰው ሁሉ ሞተር ገዛ። ኑ እስቲ እዩልኝ የሚላቸው ጠፋ። አንተ እንኳ በላቸው።"

ወይዘሮ የበቅሏቸው ስም ነው። የሞተች ጊዜ እኔ ራሴ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ እንዴት እንደሚባል ጠፍቶኝ "እግዜር ያጥናዎት" ብያቸዋለሁ። ትርንጎ እንዲህ ስትለኝ ሆዴ ባባ። ቢባባም ግን ተንኮሌን አልተውኩም። ሽማግሌው ስለ ሞተር ምን ያውቃሉ? ቀይዋን አሳያቸዋለሁ፤ አብረቅርቃ ሲያዩዋት "ውሰዳት" ይላሉ፤ አለቀ ደቀቀ።

ጳጉሜ ላይ መጡ። ነጭ ጋቢ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ወገብ። በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ ወደ ቀይዋ ወሰድኳቸው። ጎረምሳው አጥቦ ወልውሎ ፀሐይ ላይ አቁሟታል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አያ ስሜነህ አንድ ጊዜ ዞሯት።

"ዘሯ ከየት ነው?" አሉ።

"ህንድ ነው የተሠራችው፣ አባት" አለ ጎረምሳው።

"እናቷ ናት የህንድ፣ አባቷ?"

ጎረምሳው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። "ሁለቱም አባባ፣ ሁለቱም ህንድ ናቸው" አልኩና ተገላገልኩ።

ቁጭ በል አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኋላዬ ወጡ። የቀይዋ የኋላ መቀመጫ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ፣ ገና ከመቀመጣቸው ተንሸራተው ጀርባዬ ላይ ተለጠፉ። ወደ ኋላ ገፋ አሉ፤ አሁንም ተንሸራተቱ። ለሦስተኛ ጊዜ አልሞከሩም። ወርደው ጋቢያቸውን አራገፉ።

"እለፋት።"

"ምነው አባባ! ምን አጠፋች?"

"ምንም አላጠፋችም። ይቺ ፈረስ ናት። ፈረስ ለጉግስ ነው። አንተ የምትሄደው ጉግስ ነው ወይስ ጠመኔ ልትይዝ?"

"ጠመኔ" አልኩ፣ እንደ ተማሪ።

"ኋላዋን እይ። ሰው አስከትላ መሄድ የምትወድ አይደለችም። ብቻህን ልትሄድ ነው እንዴ?"

ውስጤ "አዎን!" ብሎ ጮኸ። አፌ ግን "ኧረ በፍጹም" አለ። ጎረምሳው ወረቀቱን መልሶ ሲለጥፍባት እያየሁ፣ አንገቴን ወደ ኋላ እንዳዞርኩ ሄድኩ። አኩርፌ ነበር፤ ለምን እዋሻችኋለሁ።

ቀጥለን አንድ ጋራዥ ሄድን። እዚያ ያለችው አዲስ ቀለም የተቀባች ናት፤ የያዛትም ደላላ ነው። ምላሱ አያርፍም። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደችው፣ የነዳትም አንድ ጨዋ ሰው ነው፣ እሱም እሑድ እሑድ ብቻ ነው አለን። እኔ አምኜ ጨረስኩ። አያ ስሜነህ መዳፋቸውን የሞተሯ ሆድ ላይ አሳረፉ።

"ሞቃለች።"

"ጠዋት ትንሽ አስነስተናት ነበር፣ አባት።"

"ለምን?"

"እንዲያው... እንዲያው ነው።"

ወደ እኔ ዞሩ። "የምታነክስ በቅሎ የሚሸጥ ሰው፣ ገዢ ሳይመጣ ዳገት አስወጥቶ ያሞቃታል። ከሞቀች አታነክስም። ስትበርድ ነው ጉዷ።"

ከዚያ ጎንበስ አሉና ጥርሷን ፈለጉ። ሞተር ጥርስ የላትም ብዬ ልነግራቸው ስል፣ እጃቸው የእግር ማሳረፊያው ጎማ ላይ አረፈ። ጎማው ተልጦ፣ ሟሙቶ፣ ብረቱ ፈጧል። በአውራ ጣታቸው አሹት።

"ስንት ሄደች ነው ያልከኝ?"

"ስድስት ሺህ" አለ ደላላው፤ አሁን ድምጹ ቀንሷል።

"ጥርሷ አልቋል። እለፋት።"

እዚያው መኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራ መካኒክ ነበር። ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣና፣ "አባት፣ ሥራ ካጡ እዚህ ይምጡልን!" አላቸው። አያ ስሜነህ አልሳቁም፤ ግን ጃንጥላቸውን ከብብታቸው አውጥተው እንደ ከዘራ መሬቱን እየተመቱ መራመድ ጀመሩ። ይህን አረማመድ ወይዘሮ ከሞተች ወዲህ አላየሁባቸውም። እኔ ደግሞ ፈራሁ፤ ለካ ያውቃሉ! ካወቁ ቀይዋ አለቀላት።

መካኒኩ ራሱ ነው የሦስተኛዋን ወሬ የሰጠን። ደምበጫ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ነው፣ ሞተሩንም ይሸጣል አለ። በሚኒባስ ሄድን። የገበያ ቀን ስለነበር ከተማው በሰውና በከብት ተጨናንቋል። ሐኪሙን ከገበያው ዳር፣ ከሞተሩ ጋር አገኘነው።

የሞተሯ ቀለም ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ከትርንጎ ጋር አልተስማማንም። እኔ ጭቃ እላለሁ፤ እሷ ቡናማ ትላለች። መስታወቷ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ክትባት ያልወደደ አንድ ወይፈን ሰብሮታል። መቀመጫዋ ግን ረጅምና ለጥ ያለ ነው። አያ ስሜነህ መዳፋቸውን ሆዷ ላይ ቢያደርጉ ቀዝቃዛ ናት። ሐኪሙ አንዴ ሲረግጣት ተነሳች። ጥርሷም አለ። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ስለ በቅሎ ሳል ጨዋታ ጀመሩ፤ እኔ ቆሜ እግሬ ዛለ። ሐኪሙ "እንደ እርስዎ ያለ ሰው ባገኝ ሥራዬ በቀለለ ነበር" ሲላቸው ጺማቸውን ዳበሱ።

"አንድ ነገር ቀረ" አሉ በመጨረሻ። "ትደነብራለች?"

"ማን?" አለ ሐኪሙ።

"እሷ ናታ።"

"ሞተር እኮ አትደነብርም፣ አያ።"

"እሱን እኔ አያለሁ። ልጄ፣ ውጣባትና እስከዚያ ባሕር ዛፍ ደርሰህ ተመለስ።"

ወጣሁባት። ሰው እያየኝ ስለሆነ ደረቴን ነፋሁ። ባሕር ዛፉ ዘንድ ዞርኩ። ቀይ አትሁን እንጂ ለካ ትጥማለች፤ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ትንሽ እንዲያውም ፈገግ አልኩ። ከሐኪሙ አጠገብ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከአንድ የጤፍ ጭድ ክምር ጀርባ አያ ስሜነህ ዱብ አሉና ያን ጥቁር ጃንጥላ ፊቴ ላይ ቧ! አድርገው ከፈቱት።

በቅሎ እንዲህ ነው የሚፈተነው። በጃንጥላ ያልደነገጠች በቅሎ በምንም አትደነግጥም። ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

"በሰማዕቱ ጊዮርጊስ!" ብዬ መሪዋን ለቀቅሁ። ሞተሯ ጭዱ ላይ ቀስ ብላ ዘንበል አለችና ድምጿ ጠፋ። እኔ ግን አልቆምኩም። የሄድኩት ወደ በርበሬ ተራ ነው፤ የደረስኩትም በፊቴ ተደፍቼ ነው።

የዛላ በርበሬ ክምር ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? አትግቡ። መጀመሪያ እኔ አነጠስኩ። ከዚያ ባለ በርበሬዋ ሴትዮ አነጠሱ። ከዚያ ገዢዎቻቸው፣ ከዚያ ሐኪሙ፣ ከዚያ እዚያ ታስሮ የነበረ ፈረስ። ያ ፈረስ ሲያነጥስ የገበያው ሰው ግማሹ "ይማርህ!" አለ፤ ለእኔ ግን ማንም አላለኝም። ዓይኔ ተቃጥሎ እንባዬ ሲወርድ የሴትዮዋን ድምጽ ሰማሁ።

"ምነው ጌታው፣ ሳይገዙት ነው እንዴ የሚተኙበት?"

አያ ስሜነህ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። ሞተሯ ዘንድ ሄደው አንገቷን፣ መሪዋን ማለቴ ነው፣ መታ መታ አደረጉ።

"አልደነበረችም። የደነበርከው አንተ ነህ። ውሰዳት።"

ወሰድኳት። የተኛሁበትንም በርበሬ በጆንያ ወሰድኩት። ምን ያህል እንደከፈልኩ አልነግራችሁም፤ ትርንጎ ይህን ታነብ ይሆናል።

ውሉን ተፈራርመን፣ ሊብሬውን ተቀብዬ፣ ቁልፉን ልጨብጥ ስል አማቴ እጃቸውን በመካከላችን ሰነዘሩ። "ገመዷን አስቀር እንጂ፣ ልጄ" አሉት ሐኪሙን። እሳቸው በሚያውቁት ወግ ከብት ሲሸጥ ገመዱ ለሻጩ ይቀራል፤ ከብቱ ሲሄድ በረከቱ አብሮ እንዳይሄድበት። ሐኪሙ የገበሬ ልጅ ነው፤ ገባው። ግን የሞተር ገመድ የቱ ነው? ሰንሰለቷ ነው አለ አንዱ ተመልካች፤ ያለ ሰንሰለት አትሄድም አልኩ። ቁልፏ ነው አለ ሌላው፤ ያለ ቁልፍ አትነሳም አልኩ። የማያውቁኝ ሰዎች ከበው ስለ ሞተሬ ተከራከሩ። አማቴ ሁሉንም ሰሙና ፈረዱ፦ ገመድ ከራስ ላይ የሚወጣ ነገር ነው፤ ከራሷ ላይ የሚወጣው መስታወቷ ነው። ሐኪሙ ያችን አንዲት መስታወት ፈትቶ ሳማትና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

"ኧረ አባባ! ከኋላዬ የሚመጣውን በምን አየዋለሁ?"

"ከኋላህ እኔ አለሁ። ምን ትፈልጋለህ?"

ሐኪሙ ሁለት ሄልሜት መርቆልን ነበር፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን እሳቸው አደረግን። ጆንያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተነሳን።

ከደምበጫ ትንሽ እንደወጣን ሞተሯ ከበደች። ነዳጅ ብሰጣት አትሰማም። ሰው ከኋላ ይዞ የሚጎትታት ይመስላል። ቆምኩ። አያ ስሜነህ በታጠፈ ጃንጥላቸው ተደግፈው ወረዱ፤ እኔ ካንዴላውን ነቅዬ አየሁ፣ ዘይቱን አየሁ፣ ጎማውን ረገጥኩ። ምንም የለም። ተነሳን፤ ደህና ሄደች። ትንሽ ቆይታ አሁንም ከበደች። እንደገና ቆምኩ፤ እንደገና ደህና ናት። አራት ጊዜ! በውስጤ ቀይዋን እያሰብኩ አለቀስኩ። በጉግስ ፈረስ ፋንታ ደዌ ያለባት ገዛሁ፣ ያውም በአማቴ ምስክርነት፣ ያውም ሰኞ ትምህርት ሊከፈት። የሚገርመው የመንገዱ ሰው ነው። ልጆች ይጨበጭባሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ባለ አይሱዙው ጥሩምባ ይነፋል። በአዲሷ ሞተሬ ቀንተው ነው ብዬ እጄን አነሳሁላቸው። እንዲያውም አንድ ሁለት ጊዜ ጎንበስ አልኩ።

አማኑኤል ከተማ ልንገባ ስንል አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎናችን ደረሰና ከሳቁ ጋር እየታገለ ጮኸ፦

"ወንድም! ድንኳኑን እጠፉት!"

ዞርኩ። አያ ስሜነህ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሄልሜት አድርገዋል፣ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ ከሄልሜቱ በላይ ያን ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ግራና ቀኙን በአገጫቸው ሰላም ይላሉ።

"አባባ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ምን አደረግሁ?"

"ጃንጥላው!"

"ፀሐይ ነው እኮ።"

"ሞተር ላይ ጃንጥላ አይያዝም! እኔ ሞተሯ ታመመች ብዬ ስፈታታት!"

"ወይዘሮ ላይ ሃያ ዓመት ይዣለሁ። አንድ ቀን ከበደኝ አላለችም" አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ አንድ ትልቅ መኪና በጎናችን ውልብ አለና ነፋሱ ጃንጥላውን ገለበጠው። ጨርቁ ወደ ሰማይ፣ ሽቦው ወደ ውጭ። መንገድ ዳር ቆምን። የተገለበጠውን ጃንጥላ ከፍ አድርገው ይዘው አገላብጠው አዩት። ወይዘሮ ትዝ ብላቸው ይሆናል ብዬ ላጽናናቸው ዞርኩ።

ከዚያ ሳቁ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሄልሜቱ ዓይናቸው ላይ ወረደ፣ የበርበሬው ጆንያ ከጉልበታቸው ሊወድቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ፤ ባጃጁም ቆሞ ሳቀ። እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ደስ አለኝ፤ ለቀይዋ የነበረኝን ኩርፊያ እዚያው መንገድ ዳር ረሳሁት ማለት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

መስከረም ከገባ ወዲህ አንድ ቀን አላረፈድኩም። ርዕሰ መምህሩ ጠዋት በር ላይ ሲያገኙኝ ሰዓታቸውን ነው የሚጠራጠሩት። አማቴ ደግሞ ጭራሽ ሰው አያገኛቸውም። የጥርሱ ወሬ ከጋራዡ ወጥቶ ሮብ ገበያ ደርሷል። ሞተር ሊገዛ የፈለገ ሁሉ ደጃቸው ይመጣል፤ እሳቸውም "ቀጠሮ ያዝ" ይላሉ። ወደ ገበያ የሚያደርሳቸው ማን ነው? እኔ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ መስታወት፣ ያለ ጃንጥላ፣ ከኋላዬ እሳቸውን አስከትዬ። መስታወት ለማስገጠም ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ "በረከቱን ልትነጥቀው ነው?" ብለው ከለከሉኝ። የትራፊክ ፖሊስ የያዘኝ ቀን ግን እሳቸው ራሳቸው አስረድተውት ይለቀኝ እንደሆነ አያለሁ።

በእነዚህ ቅዳሜዎች አንድ ነገር ታዘብኩ። መጀመሪያ ሰሞን "ቀስ በል" ይሉኝ ነበር። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ ሜዳ ስናገኝ "ትንሽ ጨምር" ወደ ማለት መጡ። ባለፈው ቅዳሜ፣ የመስቀል ሰሞን ስለሆነ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ለብሷል፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ "ጨምር!" አሉኝ። ጨመርኩ። "ጨምር!" አሉ። ያላትን ሁሉ ሰጠኋት፤ ጭቃዋ ሞተሬ በዚያው በጨዋ አካሄዷ እያጓራች ትወጣለች።

ያኔ ከኋላችን ኮቴ ሰማሁ። አንድ ጎረምሳ ነው፤ ከጉግስ የሚመለስ ይመስላል፣ ፈረሱ በአረንጓዴና በቀይ ክር አጊጧል። ጎናችን ደረሰና ልጓሙን ሳብ አድርጎ አያቸው።

"አያ ስሜነህ! እንደምን ዋሉ! ሮብ ገበያ ደርሼ ልጠብቅዎት?"

መልስም አልጠበቀም። ፈረሱን ኮርኩሮ አለፈን፤ ከክረምቱ የተረፈውን ጭቃ ጋቢያቸው ላይ ረጭቶ ከዳገቱ ጫፍ ተሰወረ።

መስታወት ቢኖረኝ ፊታቸውን ባየሁት። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ሄልሜቴን በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት።

"ልጄ።"

"አቤት አባባ።"

"ያች... ያች ቀይዋ።"

"የቷ ቀይዋ?" አልኩ፤ እንዳያመልጠኝ ግን ፍጥነቴን ቀነስኩ።

"ያቺ ፈረሷ ናታ። ሰው ወስዷት ይሆን?"